70/700 ቴሌስኮፕ ለአዲስ አበባ ጨረቃ፦ ቱቦው ደህና፣ እግሩ ደካማ

በካርቶኑ ላይ የሳተርን ቀለበት ተስሎ «525 ጊዜ ያጎላል» የሚል ጽሑፍ በትልቁ የተጻፈበት ቴሌስኮፕ ለጀማሪ ከሚሸጡት ሁሉ የተለመደው ነው። አምራቾቹ ብዙ ናቸው። ስሙና ቀለሙ ይለያይ እንጂ ዕቃው ያው ነው፦ ስፋቱ 70 ሚሊሜትር የሆነ የፊት ሌንስ፣ 700 ሚሊሜትር የትኩረት ርዝመት (ከፊት ሌንሱ ምስሉ እስከሚሰበሰብበት ያለው ርቀት)፣ ቀጭን የአሉሚኒየም ባለሦስት እግር መቆሚያ፣ 20 እና 4 ሚሊሜትር የዓይን ሌንሶች፣ ጉላቱን ሦስት እጥፍ የሚያደርግ ባርሎ የሚባል ተጨማሪ ሌንስ፣ ብርሃኑን አጥፎ ወደ ዓይን የሚያመጣ ማዕዘን መስታወትና ትንሽ ማነጣጠሪያ። አንዳንዱ ካርቶን በ4 ሚሊሜትሩ ፈንታ 10 ሚሊሜትር ይዞ ይመጣል። ሁለቱም ከቀረቡላችሁ ሳታመነቱ ባለ 10ሩን ያዙ፤ ምክንያቱ ወደ ታች አለ።

ጥያቄው አዲስ አበባ ተቀምጦ ጨረቃን ለማየት ይህ ዕቃ ገንዘቡን ያወጣል ወይ ነው። ቱቦውና ሌንሱ ያወጣሉ። መቆሚያው ግን እንዳለ አይሆንም፣ መታከም አለበት። አብረው ከሚመጡት ትርፍ ዕቃዎች ግማሹ ከካርቶኑ ባይወጣ ይሻላል። ከዚህ በላይ ያለው ጉዳይ ከተማዋን ራሷን የሚመለከት ነው፤ ለአውሮፓ ሰማይ ተብሎ የተጻፈው መመሪያ እዚህ ብዙ ቦታ ላይ አያስኬድም።

የመንገድ መብራትና የሕንፃ ማስታወቂያ ኮከብ ለሚያይ ሰው ጠላት ናቸው፣ ለጨረቃ ግን ምንም አይደሉም። እሷ ከሁሉም ስለምትደምቅ ከቦሌ ሰገነትም ሆነ ከመርካቶ ጣሪያ እኩል ትታያለች። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ላይ ስለተቀመጠች ሩብ የሚሆነው አየር ከበታቻችን ቀርቷል። ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ በመሆኗም ጨረቃ በየወሩ አናታችን አጠገብ ታልፋለች። የታኅሣሥ ሙሉ ጨረቃ እኩለ ሌሊት ላይ ከአናት ትንሽ ወደ ሰሜን ትላለች፣ የሰኔዋ ደግሞ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። የሰኔዋም ብትሆን እኩለ ሌሊት ላይ ከአድማስ ከ50 ዲግሪ በላይ ናት። ስቶክሆልም ያለ ዘመድ የሰኔዋን ሙሉ ጨረቃ ለማየት ከጎረቤት ጣሪያ ጋር መታገል አለበት፤ እኛ ቀና ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብን። ይህ ግን ለአንገትም ለመቆሚያውም የራሱ ጣጣ አለው፣ እመለስበታለሁ።

ከተማዋ ላይ የሚያስቸግረው አየሩ ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የጠጣ ቆርቆሮና አስፋልት ከመሸ በኋላ ሙቀቱን ይለቃል፣ ያ የሞቀ አየር ሽቅብ ሲወጣ ጨረቃ በሚፈላ ውሃ ሥር የተቀመጠች ይመስል ትርገበገባለች። መፍትሔው ቦታን መምረጥ ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያ በላይ ወይም ከወጥ ቤት ጭስ ማውጫ ማዶ አታነጣጥሩ። ሣር ወይም አፈር ያለበት ግቢ ከሲሚንቶ ወለል ይሻላል። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ያለው አየር ከ1 ሰዓቱ የረጋ ነው። በዝግ መስኮት ውስጥ ማየት ፈጽሞ አይሞከርም፤ መስታወቱ ምስሉን ሁለት ያደርገዋል። መስኮቱን ከፍቶ ማየትም ያው ነው፤ ከክፍሉ የሚወጣው ሙቀት በሌንሱ ፊት ያልፋል።

ወቅቱን በተመለከተ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ያለውን እርሱት። ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ የነበረው ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ በክረምት ደመና ላይ ነው የወደቀው። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ግን ሰማዩ ተጠርጎ የተወለወለ ይመስላል። አንድ ቀን ብቻ ይቀነስ፦ ኅዳር 12። ኅዳር ሲታጠን በየሰፈሩ የሚነደው ቆሻሻ ከተማዋን እንደ ጉም ይሸፍናታል፣ የዚያን ዕለት ማታ ቴሌስኮፕ ማውጣት ሌንስን ማጠን ነው። ታኅሣሥ 22 ቀን 2021 ዓ.ም. በምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ ይኖራል፤ እሱ በበጋው መሐል፣ በጥሩ ሰዓት የሚውል ስለሆነ ከአሁኑ ማስታወሻ ላይ ቢሰፍር አይጠላም።

«እንጦጦ ብወጣስ?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ተራራው 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፣ ሁለቱ ባለ 1 ሜትር የምርምር ቴሌስኮፖችም እዚያ ነው የተተከሉት። ለጨረቃ ብቻ ከሆነ ግን በዚህ ዕቃ መውጣቱን አልመክርም። ነፋሱ ከከተማው ይበረታል፣ የዚህ መቆሚያ ድክመት ደግሞ በትክክል ነፋስ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ጋቢ ላይ ጋቢ ያስደርባል፣ ጣት ሲደነዝዝ ምስሉን ጥርት የሚያደርገውን የማጥሪያ ቁልፍ ማዞር ያቅታል። ጅቡንም ማንም ያውቀዋል። ፓርኩ ውስጥ ለመቆየት የሚያስብ የመዝጊያ ሰዓቱን በር ላይ ይጠይቅ። እንጦጦ ዋጋ የሚኖረው ለሌላ ነገር ነው፦ ሙሉ ጨረቃ በምትወጣበት ምሽት ከተማዋን ከበታች አድርጎ፣ በምሥራቅ በኩል ቀይ ሆና ብቅ ስትል በባይኖኩላር ወይም በባዶ ዓይን ለማየት። ቅላቷ ከአድማስ አጠገብ ካለው ወፍራም አየር፣ ከአቧራውና ከከሰል ጭሱ የመጣ ነው። በዚያ ሰዓት ቴሌስኮፕ የሚያሳየው መርገብገብ ብቻ ነው። ከእንጦጦ ጀርባ ያለው የሱሉልታ ሜዳ ለኮከብ ተመራጭ ነው፤ እሱም ቢሆን ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት።

አሁን ወደ ዕቃው። የፊት ሌንሱ ከዋጋው በላይ ጥሩ ነው። የትኩረት ርዝመቱ ከስፋቱ 10 እጥፍ ስለሆነ ምስሉ ከዳር እስከ ዳር ጥርት ይላል። በጨረቃ ጠርዝ ላይ ቀጭን ሐምራዊና ቢጫ ክር ይታያል፤ የዚህ ዓይነት ባለ ሁለት መስታወት ሌንስ ባሕርይ ነው፣ የብልሽት ምልክት አይደለም። 70 ሚሊሜትር ሌንስ በረጋ አየር ጨረቃ ላይ በንድፈ ሐሳብ 3 ኪሎ ሜትር የሚራራቁ ነገሮችን ይለያል፤ በተግባር 5 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለውን ጉድጓድ በአስተማማኝ ያሳያል። ይህን በአገር መጠን ለማሰብ ቢሾፍቱ ይጠቅማል። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው የቢሾፍቱ ሐይቅ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተከፈተ ጉድጓድ ነው፤ የጨረቃዎቹ አብዛኞቹ ግን ከሰማይ በወደቀ ድንጋይ የተቆፈሩ ናቸው። የሐይቁ ስፋት አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ጨረቃ ላይ ቢሆን ኖሮ ይህ ቴሌስኮፕ አያሳየውም ነበር። በተቃራኒው ኮፐርኒከስ የሚባለው የጨረቃ ጉድጓድ 93 ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ከአዲስ አበባ አዳማ በቀጥታ መስመር 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአንዱ ከተማ መሐል እስከ ሌላው መሐል ያለው ርቀት እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል።

ሻጭም ገዢም የሚያነሱትን አንድ ነገር እዚሁ እንዝጋው፦ የአፖሎ ተጓዦች ጨረቃ ላይ የተከሉትን ባንዲራ አያሳይም። የእንጦጦዎቹም አያሳዩም።

525 የሚለው ቁጥር የተገኘው 700ን ለ4 ከፍሎ በ3 በማባዛት ነው። ሒሳቡ ልክ ነው፣ ጥቅሙ ግን የለም። ለአንድ ሌንስ የሚጠቅመው የመጨረሻ ጉላት በሚሊሜትር ስፋቱ ሁለት እጥፍ አካባቢ ነው፤ ለ70 ሚሊሜትር 140። ከዚያ ካለፈ ምስሉ ይተልቃል፣ ይደበዝዛል፣ አዲስ ነገር ግን አይጨምርም። በ20 ሚሊሜትሩ 35 ጊዜ ይጎላል፣ ጨረቃም ዙሪያዋን ጨለማ አስተርፋ ሙሉዋን ትገባለች። በ10 ሚሊሜትሩ 70 ጊዜ ነው፤ ለከተማችን አየር ምርጡ ይህ ነው። 4 ሚሊሜትሩ 175 ጊዜ ሲያጎላ መመልከቻው ቀዳዳ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ይጠብባል፣ ሽፋሽፍት ሌንሱን ካልነካ አይታይም፣ ምድር ስለምትዞር ደግሞ ያነጣጠራችሁበት ቦታ በአንድ ደቂቃ ገደማ ከመስኮቱ ይወጣል። ባርሎው በአብዛኛው ሌንሱ ፕላስቲክ ነው፤ አቆዩት። ትንሽ ገንዘብ ከተረፈ ፕሎሰል የሚባለውን ዓይነት የ10 ወይም የ6 ሚሊሜትር የዓይን ሌንስ ጨምሩ። 6 ሚሊሜትሩ 117 ጊዜ ያጎላል፤ አየሩ በረጋ ሌሊት የዚህ ቱቦ ጣሪያ እዚያ አካባቢ ነው።

መቆሚያው የዚህ ዕቃ ዋና ችግር ነው። እግሮቹ እስከ ጫፍ ተዘርግተው በ70 ጊዜ ጉላት ማጥሪያውን በጣት ስትነኩ ጨረቃ ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ትጀምራለች፣ ለሦስትና ለአራት ሰከንድም አታቆምም። ስታጠሩ ስለምትወዛወዝ መጥራቷን ማወቅ አይቻልም፤ ብዙ ሰው «ሌንሱ የማይረባ ነው» ብሎ ወደ ቁም ሣጥን አናት የሚሰቅለው በዚህ ምክንያት ነው። ሕክምናው ግን ርካሽ ነው። እግሮቹን አታስረዝሙ፤ ውስጥ ለውስጥ የሚገባውን ክፍል ሙሉ በሙሉ መልሱና በርጩማ ላይ ተቀምጣችሁ እዩ። በእግሮቹ መካከል ያለችውን የዕቃ ማስቀመጫ ሳህን ሁልጊዜ ግጠሙ፣ እግሮቹን ወጥራ የምትይዘው እሷ ናት። ከሳህኗ ሥር ባለ 5 ሊትር ጀሪካን 3 ሊትር ያህል ውሃ ሞልታችሁ በገመድ አንጠልጥሉ፣ መሬት ጨርሶ እንዳይለቅ፣ እንዳይወዛወዝም የጀሪካኑ ታች መሬቱን ነካ ያድርግ። ከዚህ በኋላ ንዝረቱ ወደ አንድ ሰከንድ ይወርዳል። የኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ከሆነ ቤተሰቡ በአጠገባችሁ እንዳይመላለስ ለምኑ፤ የአንድ ሰው እርምጃ በወለሉ በኩል እስከ ጨረቃ ይደርሳል።

ሌላው ደካማ ነገር የላይና የታች ማጥበቂያው ነው። ጨረቃን መሐል አድርጋችሁ ስታጠብቁ ቱቦው ትንሽ ያዘቀዝቃል፣ ጨረቃም ከመስኮቱ ታመልጣለች። መላው ከፍ አድርጎ ማነጣጠር ነው፦ ከምትፈልጉት ቦታ ጥቂት በላይ ያዙና አጥብቁ፣ ሲያዘቅዝቅ ልኩ ላይ ያርፋል። የማጥሪያው ቱቦ ከላላ ደግሞ ከላዩ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ብሎኖች በዊንዲቨር ሩብ ዙር ሩብ ዙር እያደረጋችሁ አጥብቁ፤ በጣም ከጠበቀ ጥርሱ ይበላል።

የአናቱ ጣጣ እዚህ ላይ ይመጣል። ግማሽ ጨረቃ ምሽት 12 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ላይ ወደ አናት ትጠጋለች። ይህ መቆሚያ ቱቦውን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ለመያዝ አልተሠራም፤ የቱቦው ታች ከእግሮቹ ጋር ይጋጫል፣ የማነጣጠሪያዋም ዓይን ተንበርክከው ካልሆነ አይደረስባትም። ስለዚህ እስክታዘነብል ጠብቁ፦ ግማሽ ጨረቃን ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ፣ ሙሉዋን ከ4 ሰዓት በፊት። ማዕዘን መስታወቱ 45 ዲግሪ የታጠፈ ከሆነ ለአንገት ይከብዳል፤ 90 ዲግሪው ለአገራችን ሰማይ የተሻለ ነው። ብቻ 90ው ምስሉን ግራና ቀኙን ያገለብጣል፣ ካርታ ስታመሳክሩ በስልክ ላይ ያለውን ምስል በመስታወት አገላብጡት።

የመጀመሪያውን ማነጣጠር በቀን ጨርሱት። ቢያንስ አንድ ኪሎ ሜትር የሚርቅ ነገር ምረጡ፤ የቴሌ አንቴና ጫፍ ወይም የቤተ ክርስቲያን ጉልላት መስቀል ደህና ነው። ፀሐይ ከጀርባችሁ ትሁን። 20 ሚሊሜትሩን ከትታችሁ መስቀሉን መሐል አምጡ፣ አጥብቁ፣ ከዚያ የማነጣጠሪያዋን ሦስት ብሎኖች እያላላችሁና እያጠበቃችሁ የእሷም መስመር ያው መስቀል ላይ እንዲያርፍ አድርጉ። በ10 ሚሊሜትሩ ድገሙት። ማታ ዕቃውን ከማየታችሁ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ውጭ አውጡት፤ ከቤት የወጣ ሞቃት ቱቦ እስኪቀዘቅዝ ምስሉ ይዋኛል። ሁልጊዜ ከ20 ጀምሩ፣ ጨረቃ መሐል ስትሆን ብቻ ወደ 10 እለፉ።

የሚታየው በጨረቃ ዕድሜ ይወሰናል፤ ዕድሜዋን ስልክም ይናገራል፣ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅም በአበቅቴው ያወጣዋል። ሙሉ ጨረቃ ለዓይን ደስ ትላለች እንጂ ለቴሌስኮፕ ከሁሉም የከፋች ናት። ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምታበራት ጥላ የለም፣ ጥላ ከሌለ ተራራውም ጉድጓዱም ሜዳ ይመስላል። ከታይኮ ጉድጓድ ወጥተው ገጿን የሚያቋርጡት ነጫጭ ጨረሮች ብቻ ናቸው በዚያ ሌሊት የሚያምሩት። ብርሃኗ ዓይን አይጎዳም፣ ግን ያጥበረብራል። ለዚህ ማጣሪያ መግዛት አያስፈልግም፦ የፊት ክዳኑ ላይ ትንሽ ክዳን ያለው ከሆነ ትልቁን ሳትከፍቱ ትንሹን ብቻ ንቀሉ።

ዓይን መጣል ያለበት ብርሃንና ጨለማው በሚገናኙበት ድንበር ላይ ነው። በ3ኛና በ4ኛ ሌሊት ጨረቃ ምዕራብ ላይ እንደ ጀልባ ተኝታ ትታያለች፤ የታተሙት ካርታዎች ቀጥ አድርገው ስለሚያቆሟት አይመሳሰሉም። በዓይንና በባይኖኩላር ለማመሳከር ካርታውን ሩብ ዙር ወደ ቀኝ አዙሩት፤ ማሬ ክሪሲየም የሚባለው ክብ ጥቁር ሜዳ ከላይ ቀኝ የነበረው ወደ ታች ቀኝ ይወርዳል፣ ሰማዩ ላይ ያለውም እዚያው ነው። በእነዚህ ሌሊቶች ጨለማው የጨረቃ ክፍል በደካማ ግራጫ ይታያል፤ ከምድር ተንጸባርቆ የደረሳት ብርሃን ነው። በ5ኛውና በ6ኛው ቴዎፍሎስ፣ ቄርሎስና ካትሪና የሚባሉት ሦስት ጉድጓዶች ተደርድረው ይወጣሉ፤ የመጀመሪያው የሁለተኛውን ጠርዝ ቆርሶ ስለገባ የትኛው ኋላ እንደተፈጠረ ማንም ሳይነግራችሁ ታውቁታላችሁ። በ7ኛውና በ8ኛው የአፔኒን የተራሮች ሰንሰለት 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተዘርግቶ ይታያል፣ ከፍተኛው ጫፉ ከሜዳው 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይነሣል። ራስ ዳሽን ከባሕር ጠለል 4,550 ሜትር መሆኑን አስቡና መልሳችሁ እዩት።

የዚህ ዕቃ ሙሉ ዋጋ የሚከፈለው ግን በ9ኛው ሌሊት ነው። ኮፐርኒከስ ላይ ገና ጎሕ እየቀደደ ነው። በ70 ጊዜ ጉላት መጀመሪያ የሚታየው ጉድጓዱ ሳይሆን የምዕራቡ ግድግዳ አናት ነው፤ ጥቁሩ ውስጥ የተንጠለጠለ የብርሃን ቅስት። ወለሉ በጥላ ተሞልቷል፣ ጥልቀቱ 3.8 ኪሎ ሜትር ነውና። አንድ ሰዓት ቆይታችሁ ስትመለሱ ቅስቱ ወፍሯል፣ እርከን እርከን የሆነው ግድግዳም አንድ በአንድ መለየት ጀምሯል። ትንሽ ዘግይቶ የመሐሉ ኮረብታዎች ጫፍ እንደ ነጥብ ይበራል። ድንበሩ በጨረቃ ወገብ ላይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው፤ እንጦጦ ላይ የሚለማመዱት ሯጮቻችን ይቀድሙታል። በስተ ደቡብ ደግሞ ክላቪየስ የሚባለው ጉድጓድ ይታያል፣ ውስጡ እየቀነሱ የሚሄዱ ትንንሽ ጉድጓዶች በቅስት ተደርድረዋል፤ ስንቱን እንደቆጠራችሁ ልጆችን ማወዳደሪያ ይሆናል።

በስልክ ለማንሳት 20 ሚሊሜትሩን ተጠቀሙ። የስልኩን ካሜራ ከዓይን ሌንሱ ጥቂት ሚሊሜትር አርቃችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ጨረቃን በጣት ነክታችሁ ብርሃኑን ወደ ታች ጎትቱ፣ የ2 ሰከንድ ማዘግያ አስገቡ። ነጭ ሳህን ብቻ ከወጣ ብርሃኑን አልቀነሳችሁም ማለት ነው።

አማራጩስ? 10 በ50 ባይኖኩላር (10 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 50 ሚሊሜትር የሚሰፋ) ከካሜራ ትራይፖድ ጋር። የጨረቃን ሜዳዎች፣ ታይኮንና ኮፐርኒከስን ያሳያል፣ ግርዶሽ ሲሆን ከቴሌስኮፑ ይበልጣል፣ ቀን ላይ ለወፍም ለኳስ ሜዳም ያገለግላል። የጉድጓዱን ግድግዳ እርከን ግን አያሳይም። ቤት ውስጥ አንድ ዕቃ ብቻ የሚገዛና ለትዕግሥት ጊዜ የሌለው ሰው ባይኖኩላሩን ይውሰድ፤ አናት ላይ ላለች ጨረቃ ፍራሽ አንጥፎ በጀርባ መተኛት ከየትኛውም ትራይፖድ ይሻላል። ከ10 ጊዜ በላይ የሚያጎላውን አትግዙ፣ እጅ አይችለውም። የሳተርንን ቀለበት የሚፈልግ ግን ወደ 70ው ይመለስ።

ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት የዓይን ሌንሱ የሚገባበትን ቀዳዳ ለኩ። 31.7 ሚሊሜትር መሆን አለበት። 24.5 ከሆነ የቆየ ዓይነት ነው፣ ሌላ የዓይን ሌንስ አታገኙለትም። የስልክ ባትሪ ከኋላ በኩል አብሩና በፊት ሌንሱ ተመልከቱ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ አይጸዳም። በሌንሱ መሐል አንዲት አቧራ ብትኖር ግን ምንም አይደለም፣ ለዋጋ መከራከሪያ ካልሆነች። ቱቦው ውስጥ የፊቱን ቀዳዳ አጥብቦ የሚያስቀር ጥቁር ቀለበት መኖሩንም እዩ፤ ካለ 70 ብላችሁ የገዛችሁት 50 ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም በላይ ሳጥኑ ውስጥ በዓይን ሌንስ ላይ የሚጠመዘዝ፣ «ሰን» የሚል የተጻፈበት ጥቁር ትንሽ መስታወት ካገኛችሁ ዛሬውኑ ሰብራችሁ ጣሉት። ሌንሱ የፀሐይን ሙቀት ሁሉ ሰብስቦ እዚያች መስታወት ላይ ያሳርፈዋል፤ በድንገት ትሰነጠቃለች፣ ዓይንም በቅጽበት ይጠፋል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ እንደታየው ዓይነት የቀለበት ግርዶሽ የሚታየው ከፊት ሌንሱ ላይ በሚለበስ፣ ለዚሁ በተሠራ ማጣሪያ ብቻ ነው። የረመዳንን ወይም የሸዋልን አዲስ ጨረቃ በቴሌስኮፕ የምትፈልጉም ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ሳትጠልቅ ወደ ምዕራብ አታነጣጥሩ።

ክረምት ሲገባ ሌንሱን ከነአቧራው በጨርቅ አትጥረጉት፤ አቧራውን በአየር መንፊያ አራግፉ፣ የጣት ምልክት ካለ ብቻ በሌንስ ማጽጃ ጠብታ አንስታችሁ ከመሐል ወደ ዳር አብሱ። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት መምጠጫ ከረጢት ክዳኑ ውስጥ አስቀምጡ፣ ቱቦውን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ደረቅ ቦታ አኑሩት። በካርቶኑ አሽጎ አልጋ ሥር የሚያስቀምጥ ሰው መስከረም ላይ ሲከፍተው የሚያገኘው ያንኑ የሸረሪት ድር ነው።